የኮች በርናቤ መጋቢት

ኮች በርናቤ መሞቱን ያወቅሁት ከባነር ነው። ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ በባጃጅ ወደ ከዚራ ስመለስ፣ የክለባችን ጽሕፈት ቤት አጥር ላይ ሁለት ሠራተኞች መሰላል ላይ ወጥተው ትልቅ ባነር ይሰቅላሉ። ባነሩ ገና አልተዘረጋም። መጀመሪያ ነጭ ኮፍያው፣ ቀጥሎ ሰፊ ግንባሩ ሲወጣ «መጣ! ተመልሶ መጣ ማለት ነው!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አየኝ። የቀረው ሲዘረጋ ከአገጩ በታች የሻማ ሥዕል ብቅ አለ። ከሻማው ሥር ደግሞ በትልልቁ «የክለባችን ባለውለታ ኮች በርናቤ፣ ሁሌም በልባችን ትኖራለህ» ተጽፏል።

ባጃጁን አስቁሜ ወረድሁ። እንባዬ ይቀድማል ብዬ ነበር፤ የቀደመው ንዴት ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ ድሬዳዋ ላይ እንዲኖር አንዲት ደብዳቤ የነፈጉት ሰዎች፣ ዛሬ በልባቸው ሊያኖሩት ነው! በልብ ለመኖር እርግጥ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ማኅተም ያዥም መስክ አይወጣም። የቲማቲሙን ፌስታል እንደያዝሁ እዚያው አጥሩ ሥር ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም።

እኔ የዚሁ ክለብ ጸሐፊ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ምድር ባቡር ያሳለፈ ሰው ነበር፤ ለእኔ ያወረሰኝ ቤት ወይም መሬት ሳይሆን ፈረንሳይኛውን ነው። ክለቡ ለሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑ ከካሜሩን አሠልጣኝ ሲያስመጣ፣ አስተርጓሚ መቅጠር ያልፈለጉት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን «ጽጌ አለች አይደል እንዴ» አሉና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እንግዳውን አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ እንድቀበለውም የተላክሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ቀትር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታክኮ በሚሄድበት ሰዓት፣ ኮች በርናቤ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ መጣ። ረጅም ነው፤ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። «ሙቀቱ ይገድልዎታል፣ ኮትዎን ያውልቁ» አልሁት በፈረንሳይኛ። «አዲስ ቤት ሲገባ በሥርዓት ነው፣ ማዳም» አለኝ። ላቡ በአንገቱ እየወረደ ሻንጣውን የጫነለትን ሰውዬ፣ ጥበቃውንና ሾፌራችንን አንድ በአንድ ጨበጠ። ስሜን ሊጠራ ሞክሮ «ጽ» አልወጣ አለው። «ማዳም ሲጌ» አለኝ፤ እስከ መጨረሻውም ሲጌ ሆኜ ቀረሁ።

ልምምዱ ፀሐይ ሳትበረታ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ፊሽካ አይወድም፤ «ፊሽካ ለዳኛና ለትራፊክ ነው» ይላል። ያጨበጭባል። አንድ ጊዜ ካጨበጨበ ቁሙ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ድገሙት። ከልጆቹ ግማሾቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሲሰፉ የሚውሉ ናቸውና ድካማቸውን ከዓይናቸው ያነብባል። አንዷ ስታዛጋ ካየ «ትናንት ስንት ሱሪ ሰፋሽ?» ብሎ ይጠይቃትና ቁጥሩ ከበዛበት ጥላ ሥር ያስቀምጣታል። በዚህ አገር አሠልጣኝ ተጫዋቹን ስለ ፋብሪካ ሥራው ሲጠይቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ አባባል ነበረው። ኳስ ርቃ ስትሄድ፣ ልጆቹ «በቃ ወጣች» ብለው እጃቸውን ሲያወርዱ፣ «ኳስ አየር ላይ ናት!» ብሎ ይጮኻል። መሬት እስካልነካች ድረስ ምንም አላለቀም ማለቱ ነው። ቆይቶ ለነገሩ ሁሉ ይጠቀምበት ጀመር። መብራት ሲጠፋ፣ የቡድኑ አውቶቡስ አልነሳ ሲል፣ ወይዘሮ እገሌ ልጄን አላጫውትም ስትል፣ ኳስ አየር ላይ ናት።

አማርኛውን የተማረው ከእነዚያው ልጆች ነው። እርስ በርሳቸው «ነይ»፣ «ያዢ»፣ «አንቺ» ሲባባሉ የሰማውን እንዳለ ያዘና ለሰው ሁሉ አዋለው። ጥበቃውን «እንደምን አደርሽ» ይለዋል። ባጃጅ ነጂውን «እዚህ ጋ አቁሚ» ይለዋል። ድሬ ደግሞ ለቅጽል ስም አትሰንፍም፤ ወር ሳይሞላው ከሳቢያን እስከ መጋላ «ኮች አንቺ» ተባለ። ላርመው ብሞክር ልጆቹ «እትዬ ጽጌ፣ አቦ ተይው! እንዲህ ነው የሚያምርበት» ብለው ከለከሉኝ። ተውሁት።

ፈርዶሳ የምትባል የመጋላ ልጅ ነበረችን። ስትዘል ክርኗ ከመረቡ በላይ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ዝላይ አይቼ አላውቅም። አንድ ሳምንት ቀረች። ቅመም ነጋዴው አባቷ አቶ አብዲ «ከእንግዲህ ይበቃታል» ብለዋል ተባለ። ኮች እኔን አስከትሎ ቤታቸው ሄደ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ሻይ ቀረበለት። ላስተረጉም ጉሮሮዬን ስጠርግ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ለካ ሲያጠና ነው የሰነበተው።

«አቶ አብዲ፣ አንቺ ጥሩ አባት ነሽ» ብሎ ጀመረ። «ልጅሽ ሂጃብ አላት፣ ሱሪ ረጅም አላት። እኔ አውቃለሁ፣ አከብራለሁ። ፀሐይ ሳትበረታ ቤት ትመጣለች። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ ስሟ ክላሪስ። አንቺ እንደምትፈሪ እኔም እፈራለሁ።»

ከዚያ የፈርዶሳ እናት ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። አቶ አብዲ ሻይ ትን እስኪላቸው ሳቁ። «ወላሂ ኮች፣ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አድርጋ አሸንፋኝ አታውቅም! ውሰዳት። አቦ ይመችህ!» አሉት። ፈርዶሳ በማግስቱ ልምምድ ላይ ነበረች።

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ወንዝ የሞላ ቀንም ትዝ ይለኛል። ድልድይ አለ፤ ግን ያ ደረቅ አሸዋ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ሲያጓራ የትኛውም ወላጅ ልጁን ከቤት አይለቅም። ከወንዙ ማዶ ያሉት የመጋላ ልጆች አልመጡም። ኮች መረቡን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና በዚያ በሚጎትተው እግሩ ድልድዩን ተሻገረ፤ የወዲህኞቹ ልጆች ተከተሉት። አንድ ሰፋ ያለ መንገድ ላይ መረቡን ከመስኮት ብረት እስከ መብራት እንጨት ወጠረው። እናቶች ከየቤታቸው ወንበር አውጥተው ተቀመጡ፤ ኳስ ጣሪያ ላይ ስትወጣ የሚያወርደው ጎረቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ መጋላ ውስጥ ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት የሚያጉረመርም ሰው ብዙ አልሰማሁም።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው የበደሉት። የበደልነው ልበል፤ የእኔም እጅ አለበት።

የመኖሪያ ፈቃዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 12 ነበር የሚያበቃው። ፓስፖርቱ «እንዳይጠፋ» ተብሎ ከመጣበት ቀን ጀምሮ አቶ ጌታሁን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። የውጭ ዜጋ መዝገብ የሚባል አዲስ ደብተር ተከፈተ፤ ዜጋው አንድ እሱ ብቻ ነው። ቀኑን ስመዘግብ እንደ ፓስፖርቱ «ማርች 12» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩና «ምንድን ነው ይሄ? መዝገባችን በራሳችን አቆጣጠር ነው። ማርች መጋቢት አይደል? መጋቢት 12 በይው» አሉኝ። ሰረዝሁና መጋቢት 12 ብዬ ጻፍሁ።

የአገራችን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ጃንዋሪ ሲሉት ጥር ይላል፤ ማርች ሲሉት መጋቢት። ለወሬ ይሆናል። ለፓስፖርት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ማርች 12 ማለት መጋቢት 3 ነው። ከጀርባዬ ግድግዳ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። ዞር ብዬ ባይ ይበቃ ነበር። ዞር አላልሁም።

ኮች ከየካቲት ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ቢሮ ይመጣል። «ማዳም ሲጌ፣ ፓስፖርቴስ?» ይለኛል። ልጁ ክላሪስ ሚያዝያ ውስጥ ልታገባ ነው። በእነሱ አገር አባት ነው ልጁን ክንዱን አስይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባት። ፈቃዱ ታድሶለት፣ ዐሥር ቀን ሄዶ፣ ለግንቦቱ ውድድር ሊመለስ ነው ሐሳቡ። ለክላሪስ ገና ስትታጭ ቃል ገብቶላታል። «እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንድም ቃሌን አላጠፍሁባትም» አለኝ አንድ ሰኞ። አቶ ጌታሁንን ስጠይቃቸው መዝገቡን ገልጠው «ገና ነው፣ ጊዜ አለን» ይሉኛል።

መጋቢት 10 ቀን፣ ሁለት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው፣ ፓስፖርቱ በሰው እጅ አዲስ አበባ ኢሚግሬሽን ተላከ። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ፈቃዱ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ስልኩን እንደያዝሁ ዞር ብዬ ያንን ካላንደር አየሁት።

እውነት ለመናገር መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ከዚያ በኩል ያነጋገሩኝ ሴትዮ በጨዋነት ነው ያስረዱኝ፦ ክለቡ ስህተቱ የራሱ መሆኑን በደብዳቤ ይግለጽ፣ ቅጣቱን ይክፈል፣ ጉዳዩ ይታይለታል። እዚያው ቁጭ ብዬ ሦስት መስመር ደብዳቤ ጽፌ አቶ ጌታሁን ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። ቀይ እስክሪብቶ አንስተው «ስህተቱ የክለቡ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከበቡባት።

«ይቺን አውጫት» አሉኝ።

«እሷ ከወጣች ደብዳቤው ምን ሊረባ?»

«ኦዲት ሲመጣ ማን ሊጠየቅባት ነው? ደግሞ ሰውየው የራሱን ቀን ማወቅ አልነበረበትም?»

«ፓስፖርቱ እኮ የከረመው እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው» አልኋቸው።

«ጽጌ! አንቺ ጸሐፊ ነሽ፣ ጠበቃ አይደለሽም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ቦርዱን ላማክር ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ኮች ትዕግሥቱ አለቀና ራሱ ገባ። ያን ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና «አቶ ጌታሁን፣ እባክሽ ፈርሚ። ልጄ እየጠበቀች ነው፣ ፈርሚ» አላቸው። ኮሪደር ላይ የነበረ ሰው ሳቀ። የአቶ ጌታሁን ፊት ጠቆረ። «ይህ ሰው ንቀቱ!» አሉ። ንቀት እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ለዓመት ያህል «እንደምን ዋልሽ» ሲላቸው አብረው ሲስቁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ እልህ ሆነ። ሌላ ደብዳቤ አስረቀቁ፦ ፈቃዱ ያለፈው በአሠልጣኙ በራሱ ቸልተኝነት ነው የሚል፣ ራሱ አሠልጣኙ የሚፈርምበት።

ኮች አልፈረመም። እኔ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብሎ በፈረንሳይኛ እንዲህ አለኝ፦ «ማዳም ሲጌ፣ የእኛ ሥራ ከአገር አገር ነው። ፓስፖርቴ ላይ አንዴ ይህ ከተጻፈ፣ ከዚህ በኋላ የሚቀጥረኝ አገር ሁሉ ፊቴን ከማየቱ በፊት እሱን ነው የሚያነበው። ደግሞ ውሸት ነው።» ከወንበሩ ተነሥቶ «ኳስ አየር ላይ ናት» አለ፤ እንደ ወትሮው ግን አልጮኸም።

ሚያዝያ ደረሰ። የሠርጉ ዕለት ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሜዳው ዳር ያለው ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ፈርዶሳ ስልኩን የኳስ ከረጢቱ ላይ አስደግፋ አቆመችው። ኮች ከረባቱን አስሯል። በስልኩ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፈተና ክላሪስ በነጭ ልብስ ታየች፤ ክንዷን የያዘው የኮች ታናሽ ወንድም ነው። ኮች ብድግ አለ። የሚያደርገውን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ ሰው እንደሚያስይዝ አድርጎ፣ ስልኩ ፊት ቆመ። ልጂቱ መሠዊያው ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ክንዱን አላወረደም።

ልጆቹ እልል አሉ። አንዷ በኦሮምኛ፣ ሌላዋ በሶማሊኛ የየሰፈሯን የሠርግ ዘፈን አነሳች። በኋላ ክላሪስ ስልኩን ይዛ «አባባ፣ ያ ሁሉ ድምፅ የማን ነው?» ስትለው «የእህቶችሽ ነው» አላት። እኔ ዛፉን ተደግፌ አለቀስሁ። አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ሌላ ነው። አቶ ጌታሁን በዚያች ሰዓት በመኪናቸው አለፉ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ምንድን ነው፣ ልደት ነው?» አሉ።

ግንቦት ላይ የመጨረሻው ውድድር መጣ። ወረቀቱ ያልተስተካከለ አሠልጣኝ አይመዘገብም፣ አሠልጣኝ የሌለው ቡድን ይሰረዛል አሉ አቶ ጌታሁን። አስቀድመውም ለልጆቹ ነገሯቸው፤ ሰውየው እንዲፈርም በእነሱ በኩል ለመጫን ነው። ኮች ልጆቹን አየ። ዓመቱን በሙሉ ከስፌት ማሽን ላይ ተነሥተው የሮጡ ልጆች ናቸው። «አምጪው» አለኝ። ቃል በቃል እንዳስተረጉምለት ጠየቀኝና አስተረጎምሁለት፤ «በራሴ ቸልተኝነት» የሚለውንም ሳላስቀር። ልጆቹ ባስተማሩት የአማርኛ ፊደል፣ ጎበጥ ጎበጥ አድርጎ «በርናቤ» ብሎ ፈረመ። «ኳስ ወደቀች፣ ማዳም ሲጌ» አለኝ። ያን ጊዜ ብቻ ነው እንደዚያ ሲል የሰማሁት።

እሱ ከፈረመም በኋላ ያ ደብዳቤ የክለቡ ማኅተም ለማግኘት ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ማኅተም ያዡ መስክ ወጥቷል፤ የመሳቢያውንም ቁልፍ ይዞት ሄዷል። የኢሚግሬሽኑ መልስ ሲመጣ ደግሞ አጭር ነበር፦ ግለሰቡ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ስላመነ ፈቃዱ አይታደስም፣ አገር ይልቀቅ። ያ ሁሉ ፊርማ ልጆቹን እንኳ አልጠቀመም። በመጀመሪያው ጨዋታ ዋዜማ ተሳፍሮ ሄደ፤ «ይሰረዛል» የተባለው ቡድን ግን አልተሰረዘም፣ ልጆቹን እኔና የክለቡ ወጌሻ ይዘናቸው ገባን። ተሸነፍን። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አቶ አብዲ ቅመም በላስቲክ ቋጥረው ሰጡትና «አንቺ ጥሩ አባት ነሽ፣ ኮች» አሉት።

ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ይጽፍልኝ ነበር። ሁለት አገሮች ቡድን ሊሰጡት ፈልገው ነበር። የቪዛው ቅጽ ላይ «በሌላ አገር ፈቃድ አልፎብህ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ብሎ ይሞላል፤ ውሸት መጻፍ አይሆንለትም። ሁለቱም ከለከሉት። በመጨረሻ ሰፈሩ ያለ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆች ያሠለጥን ነበር። አሞት መሰንበቱን ለካ ፈርዶሳ ታውቅ ኖሯል፤ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው አለችኝ።

ባነሩ በተሰቀለ ማግስት አቶ ጌታሁን አስጠሩኝ። አዝነዋል፤ እንደ ባለሥልጣን አዝነዋል። «ጽጌ፣ ለቤተሰቡ የሐዘን መግለጫ እንላክ። በፈረንሳይኛ አሳምረሽ ጻፊው፤ ያንቺው ሥራ ነው» አሉኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥሁና ለክላሪስ ጻፍሁ። አባቷ መረብ ተሸክሞ ደቻቱን እንዴት እንደተሻገረ ጻፍሁላት። በሠርጓ ቀን ክንዱን አጥፎ መቆሙን ጻፍሁላት። ከዚያ አዲስ መስመር ጀመርሁና በአባቴ ፈረንሳይኛ እንዲህ አልሁ፦ «የአባትሽ ፈቃድ ያለፈው በአባትሽ ቸልተኝነት አይደለም። ቀኑን አሳስቼ የመዘገብሁት እኔ ነኝ። ስህተቱ የክለቡ ነው።»

አትሜ ወሰድሁላቸው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በቀር ፈረንሳይኛ የሚያነብ የለም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«በደንብ አመስግነሽዋል?»

«የሚገባውን ብያለሁ።»

«ቀኑንስ? ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር አድርጊው፣ እንዳይሳሳቱ።»

«በእነሱ አቆጣጠር ነው» አልኋቸው።

ፈረሙ። ማኅተም ያዡን ጠሩት፤ ወዲያው መጣ። ማኅተሙ ከስማቸው ጎን ጥርት ብሎ አረፈ። አቶ ጌታሁን ቀለሙ እንዲደርቅ በአፋቸው እፍ እፍ አሉበትና ወረቀቱን አቀበሉኝ።

«ቶሎ ላኪው፣ ጽጌ» አሉኝ፤ «እንዳይዘገይ።»